ቀጭኑ ጎን

ታሪኩን ከዛሬ ለሚጀምር ሰው ይህን ያህል ማወቅ ይበቃዋል። ሰውዬው ጊታር ሠሪ ነው። ሴትዮዋ የዳኛ ልጅ ናት፤ ሙዚቃ ታስተምራለች፤ ከአንድ ዓመት ከሦስት ወር በፊት መንገድ ስትሻገር መኪና ገጭቷት ቀኝ ትከሻዋ ተሰብሯል። ከዚያ በፊት ሦስት ዓመት ሙሉ ምንም ያልሆነ ጊታር ይዛ “ይታይልኝ” እያለች ትመጣ ነበር። እሱም ምንም ያልሆነውን ጊታር አንድ ሳምንት አሳድሮ ይመልስላታል። ከዚህ ያለፈ ነገር በመካከላቸው አልተነገረም።

ሐሙስ ጠዋት ለእሷ የሠራውን ጊታር ከቅርጹ አወጣው።

ቅርጹ ከወፍራም ጣውላ ተፈልፍሎ የተሠራ ነው። ጊታር በውስጡ ፊቱን ወደ ታች ተደፍቶ ይሠራል። መጀመሪያ ፊቱ ይነጠፋል፤ ጎኖቹ ዙሪያውን ይቆማሉ፤ በመጨረሻ ጀርባው ይከደናል። ጊታር ሠሪው እንጨቱን ጠፍረው የያዙትን ሞርሳዎች አንድ በአንድ ፈታ። አሥራ አራት ነበሩ። ጊታሩን በሁለት እጁ አንስቶ ገለበጠውና ጭኑ ላይ አስቀመጠው።

ከዚያ እጁ ቆመ።

ይህ ጊታር እንደ ሌሎቹ አልነበረም። የሌሎቹ ጎንና ጎን እኩል ነው። ይህኛው ሽብልቅ ነው፦ ክንድ የሚያርፍበት የላይኛው ጎን ስድስት ሴንቲ ሜትር፣ ጭን ላይ የሚቀመጠው የታችኛው ጎን አሥራ አንድ። ክንዷ ከፍ ሳይል ክሩ ላይ ይደርሳል። ከላይ የተቀነሰው ከታች ስለሚጨመር ድምፁ አይጎዳም። እንዲህ ያለ ጊታር ከዚህ በፊት ሠርቶ አያውቅም። አራት ወር ፈጅቶበታል።

አሁን ወፍራሙ ጎን ከላይ ነበር። ቀጭኑ ጭኑ ላይ ተቀምጧል።

መልሶ ደፋው። እንደገና አቀናው። ያው ነው።

ጊታር ፊቱን ሲደፋ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ይሆናል። ይህን የማያውቅ ጊታር ሠሪ የለም። ጎኖቹ እኩል በሆኑበት ሥራ ግን ቢያስታውሱትም ቢረሱትም ለውጥ የለውም። ሃያ ዓመት ሲረሳው የኖረውን ነገር እጁ ይህን ጎን በላገበት ቀንም ረሳው።

“ምነው ደረቅክ?” አለ አጎቱ ከኋላ።

አጎትየው የእናቱ ወንድም ነው፤ የሥራ ቤቱም ባለቤት። በወጣትነቱ መጋዝ የአንድ ጣቱን ግማሽ ስለወሰደበት ሰፈሩ “ዘጠኝ ተኩል” ይለዋል። እሱም በተራው የእህቱን ልጅ “ሙጫ” ብሎታል፤ አፉ ከተጣበቀ የሚያላቅቀው የለም ሲል።

ዘጠኝ ተኩል መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መጣ። በግማሽ ጣቱ ቀጭኑን ጎን ነካ፤ ከዚያ ወፍራሙን።

“ገልብጠኸዋል።”

“አዎ።”

“ጎኑን የላግከው መቼ ነበር?”

“ዳኛው የመጡ ቀን።”

አጎትየው ሌላ አልጠየቀም። ያን ቀን እሱም እዚያው ነበር።

ዳኛው የመጡት ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ማክሰኞ ዕለት ነው። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ሰጋቱራ የለበሰውን ወንበር ሳይጠርጉ ተቀመጡ። ድምፃቸው ረጋ ያለ ነው።

“ልጄ አንተን በክፉ አንስታህ አታውቅም” አሉ። “በደግም አንስታህ አታውቅም። እኔ ግን ሠላሳ ዓመት ችሎት ተቀምጫለሁ። ሰው የማይናገረውን መስማት ለምጃለሁ።”

ጊታር ሠሪው መላጊያውን እንደያዘ ቆመ።

“ከዚህ አደጋ በኋላ ሰው ያስፈልጋታል። አንድ ኢንጂነር አለ፤ የወዳጄ ልጅ ነው፤ ለጋብቻ ጠይቋታል፤ እኔም እሺ ብዬዋለሁ። አንተ ጥሩ ሰው ነህ ይሉኛል። ጥሩ ሰው መንገድ ይለቃል።”

“ጊታሩስ?”

“ጊታሩን ስጣት። እሱ ሙያህ ነው።”

ጨብጠውት ሄዱ። እሱ ወደ ጠረጴዛው ዞረ። ጎኖቹ ተተክለው መላጊያ ይጠብቁ ነበር። እስኪመሽ ላገ። እጁ ሲሄድ ሲመለስ ያየው ነበር፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስለው ነበር። አላዘነም። አልተናደደም። እግር ሲደነዝዝ እንደሚሆነው፣ አለ ግን የለም።

“መምህርቷ ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ልትለካው ትመጣለች” አለ ዘጠኝ ተኩል። “ትነግራታለህ።”

“እነግራታለሁ።”

“በአፍህ?”




መምህርቷ የመጣችው ልክ በስድስት ሰዓት ነው። ቦርሳዋን በግራ ትከሻዋ አንግታለች፤ ቀኝ እጇ ኮት ኪሷ ውስጥ ነበር። ከአደጋው ወዲህ ሁልጊዜ እዚያ ነው።

“እንዴት ዋሉ?” አላት።

“ደህና ነኝ። አንተስ?”

እሷ አንተ ትለዋለች፤ እሱ እርስዎ ይላታል። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድ ጊዜ ብቻ አንቺ ብሏታል። ያም ከአራት ወር በፊት ሲለካት ነው። ዝቅ ያለው ወንበር ላይ አስቀምጧት፣ ጭኗ ላይ ስስ ጣውላዎችን ደርድሮ፣ ክንዷን አስደግፏት ነበር። ከዚያ ጣውላዎቹን አንድ በአንድ መዘዘ። ክንዷን አላየም። ፊቷን ነበር የሚያየው። “አሁንስ?” “ያማል።” “አሁን?” “ያማል።” አምስተኛውን ሲመዝ ግንባሯ ተፈታ። “አሁን አያምሽም” አለ፤ ሳይታወቀው። ሁለቱም ያልሰሙ መሰሉ።

ያን ቀን የመጣችው ደብዳቤ ጽፎላት ነው። ደብዳቤው አራት ዓረፍተ ነገር ነበር። “ክንድ ሳይነሳ የሚመታ ጊታር መሥራት ይቻላል። አንዱ ጎን ይቀጥናል፣ ሌላው ይወፍራል። ቅርጹ እንደ ሽብልቅ ነው። ሲመችዎ ይምጡና ልለካ።” በዚያ ዓመት ብዙ ደብዳቤ ደርሷት ነበር። ሁሉም እግዜር ይማርሽ ይሉ ነበር። ክንዷን እንደ ክንድ ቆጥሮ የጻፈ እሱ ብቻ ነው። ደብዳቤው እስከ ዛሬ ቦርሳዋ ውስጥ፣ የኖታ ደብተሯ መካከል አለ።

አሁንም ያው ወንበር ላይ ተቀመጠች። እሱ አፉን ከመክፈቱ በፊት በግራ እጇ የጊታሩን አንገት ይዛ ከጠረጴዛው ላይ ሳበችው፤ ጭኗ ላይ አደረገችው። ቀኝ እጇን ከኪሷ አውጥታ ክንዷን ጎኑ ላይ አሳረፈች።

ግንባሯ ተቋጠረ። ያ ከአምስተኛው ጣውላ በፊት ያየው ፊት ነው። ያውቀዋል።

“ይሄ የኔ ነው?” አለች።

ከጓሮ በኩል መሮ እየሳለ የነበረው አጎቱ ሥራውን አቆመ። 

ጊታር ሠሪው ሃያ ዓመት ሠርቷል። በዚህች ከተማ እሱ የነካው እንጨት አይጣመምም ይባላል። አሁን ግን የለማጅ ስህተት ጭኗ ላይ ተቀምጧል።

“የሌላ ሰው ነው” አለ።

“የማን?”

“የደንበኛ። ግራኝ ናት። አዙራ ስትይዘው ቀጭኑ ጎን ከላይ ይሆናል።”

“ሴት ናት?”

“ሴት ናት።” ይህን ለማለት አላሰበም። ይህን ጊታር ሲያስብ አራት ወር ሙሉ ሴት ነበር የሚያስበው።

“የኔስ?”

“የእርስዎ ገና ነው።”

“ገና ማለት?”

“አልተጀመረም።”

ጊታሩን በቀስታ መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አንገቱን ለመልቀቅ ጥቂት ዘገየች። ቀኝ እጇ ወደ ኪሷ ተመለሰ።

“እንግዲያው አትድከም። እሑድ ኢንጂነሩ መልሴን ሊሰማ ይመጣል። እሺ ካልኩት በወሩ እሱ ወደሚሠራበት ከተማ እንሄዳለን።” ማስታወቂያ የምታነብ ነበር የምትመስለው። “እዚያ ጊታር የሚያስፈልገኝ አይመስለኝም።”

“እንኳን ደስ ያለዎት።”

“አመሰግናለሁ” አለች። በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ብትወረውረው ይሻለው ነበር።

ዘጠኝ ተኩል ከጓሮ ብቅ አለ። መሮውን እንደያዘ የእህቱን ልጅ ብዙ አየው።

“ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚሉት ይሄ ነው” አለ። “እኔ መጋዝ ጣቴን ሲወስድብኝ ቢያንስ ጮኼያለሁ።”


ከአደጋው በኋላ ሐኪሙ የመምህርቷን ቀኝ ትከሻ በመርፌ ሲወጋው ምንም አልተሰማትም ነበር። መዳፍ የምታህል ቦታ ናት። አጥንቱ ሥር ሕመም አለ፤ ከላይ ቆዳው ግን የሞተ ነው። “ሊመለስ ይችላል፤ ላይመለስም ይችላል” ብሏታል። እሷ ስለ ትከሻዋ ብቻ አልነበረም የሰማችው። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲስቅ አብራ ትስቃለች፤ ሰው ሲሞት ለቅሶ ትሄዳለች፤ የሚሰማት ነገር ግን የለም። ኢንጂነሩ ሲጠይቃት የጎረቤት ወሬ የሚነግራት መስሏት ነበር።

ያን ቀን ማታ አባትና ልጅ ራት ተቀመጡ። እናት ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ ወንበሯ ግን አልተነሳም።

“እሑድ አሥር ሰዓት ላይ ይመጣል” አሉ ዳኛው።

“እሺ።”

“ምን ትይዋለሽ?”

“ምን ልበለው አባዬ?”

“እኔ ቃል ሰጥቼዋለሁ።” ዳቦ ቆረሱ። “የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል።”

አባባሉን ከአፋቸው ያወጡት በልማድ ነው። ችሎት ላይ ለስንት ባለጉዳይ ብለውታል። አሁን ግን የወለዷት ከፊታቸው ተቀምጣ ነበር፤ ማንኪያዋ ሳህኑና አፏ መካከል ቆሟል።

“አባባል ነው” አሉ ዳኛው።

“አውቃለሁ አባዬ።”

“ጨው ይጨመርልሽ?”

“ይበቃኛል።”

መኝታ ቤቷ ገብታ ደብዳቤውን አወጣች። አነበበችው። ወደ ቦታው መለሰችው። ማልቀስ ነበረባት ብላ አሰበች፤ እንባ ግን አልመጣም። ያቺ ግራኝ ሴት ምን ትመስል ይሆን ብላም አሰበች። መልኳን ልትስለው አልቻለችም። መብራቱን አጠፋች።

አርብ አራተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ለተማሪዎቿ የጣት አቀማመጥ ታሳይ ነበር። እራሷ አትመታም፤ የትምህርት ቤቱን ጊታር አቁማ በግራ እጇ ብቻ አንገቱን ትይዛለች፤ ተማሪዎቹ አይተው ይደግማሉ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ያን ቀን ግን አውራ ጣቷ አልቆም አለ። ወደ ላይ ሄደ፤ ወደ ታች ወረደ። አንድ ነገር የሚፈልግ ነበር የሚመስለው።

“መምህርት፣ ጣትዎ ይንቀሳቀሳል፤ የቱን እንከተል?” አለች አንዷ ተማሪ።

“ቆዩ” አለች።

ጣቷን አየችው። ትናንት ጊታር ሠሪው ቤት፣ ያ ጊታር ላይ አንድ ቦታ አግኝቶ ነበር። በአንገቱ ጀርባ፣ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ያለ፣ በሞረድ ለስለስ ተደርጎ የተፋቀ ጠፍጣፋ ቦታ። እሷ አውራ ጣቷን እንደ ሌላው ሰው መካከል ላይ አታደርግም፤ ወደ ጎን ታጋድላለች። መምህሮቿ ተቆጥተው ተቆጥተው የተዉት አመል ነው። ያን የሚያውቅ ሰው ብዙ የለም።

ከዚያ ሌላ ሐሳብ መጣ። ግራኝ ሰው ጊታር ሲይዝ አንገቱን የሚጨብጠው በቀኝ እጁ ነው። ያ ጠፍጣፋ ቦታ ግን የግራ አውራ ጣት ቦታ ነበር።

ግራኟ ሴት የለችም።

ደስ አላላትም። አልተናደደችምም። አውራ ጣቷ ብቻ ሞቃት። ከዓመት ከሦስት ወር ወዲህ ከሰውነቷ አንድ ቦታ መሞቁን ያወቀችው ያኔ ነው።


ቅዳሜ ጠዋት ስትገባ ጊታሩ ጠረጴዛው ላይ አልነበረም። ጥግ ላይ፣ በአሮጌ አንሶላ ተጠቅልሎ ግድግዳ ተደግፏል። ጊታር ሠሪው የሌላ ሰው ጊታር ክር እያሰረ ነበር። ሲያያት ብድግ አለ።

“ደንበኛህ መጣች?” አለችው።

“አልመጣችም።”

“አትመጣም።” ወደ አጎትየው ዞረች። “ጋሼ፣ ያን ጊታር ያምጡልኝ እባክዎ።”

ዘጠኝ ተኩል እንዲህ ፈጥኖ ሲራመድ ታይቶ አይታወቅም። ጊታሩን ከአንሶላው አውጥቶ ጭኗ ላይ አደረገላት። ከዚያ ኮቱን ከሚስማሩ አነሳ።

“እኔ ማዶ ጎማ ቤት ዳማ አለብኝ” አለ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞር ብሎ፣ “ዛሬ ቶሎ አልሸነፍም” አለና ወጣ።

ሁለቱ ቀሩ። እሷ ግራ እጇን አንገቱ ላይ አደረገች። አውራ ጣቷ ቦታውን አገኘ፤ እዚያው ተኛ።

“ይሄ የማን ጣት ነው?”

ክሩን እንደያዘ ጣቷን አየ።

“ግራኝ በቀኝ እጇ ነው የምትይዘው። ይሄ የግራ እጅ ቦታ ነው። አጋድሎ የሚይዝ ግራ እጅ። ከእኔ ሌላ እንዲህ የሚይዝ ሰው አይተሃል?”

“አላየሁም።”

“እና?”

ጊታር ሠሪው ክሩን ከእጁ አኖረ። በዚያ ቤት ውስጥ ሃያ ዓመት ያልተናገራት ቃል ነበረች። 

“ተሳስቻለሁ” አለ።

“ምኑ ላይ?”

“ጎኑን ገለበጥኩት። ተደፍቶ ስለሚሠራ ቀጭኑ በዚያ በኩል መሆን ነበረበት። በዚህ አደረግኩት። ከዚያ የሌላ ሰው ነው አልኩሽ።”

አልኩሽ አለ። ሁለቱም ሰሙት። በዚህ ጊዜ ማንም ያልሰማ አልመሰለም።

“ለምን አልነገርከኝም?”

“የጀማሪ ስህተት ነው። አንቺ ፊት ጀማሪ መሆን አልፈለግኩም።”

“ሦስት ዓመት ሙሉ እኔ ፊት ምን ነበርክ? ደህናውን ክር ፈትተህ ያንኑ ክር መልሰህ ስታስር በመስኮቱ አይቼሃለሁ።”

“አይተሻል?”

“ሁለት ጊዜ።”

አንገቱን ደፋ። ጆሮው ቀላ።

“ያን ቀን እጄ የኔ አልነበረም” አለ። “አባትሽ መጥተው ነበር።”

ይህን አታውቅም ነበር። ጊታሩ ላይ ያለው እጇ አልተንቀሳቀሰም።

“ምን አለህ?”

“ጥሩ ሰው መንገድ ይለቃል አሉኝ።”

“አንተስ?”

“ለቀቅኩ።”

መምህርቷ ጊታሩን ወደ ራሷ ሳበችው። ስትናገርም ድምፅዋ ከፍ አላለም።

“መንገዱ የማን ነው? የአባቴ ነው? ያንተ ነው? አንተ ለእሱ ለቀቅክ፤ እሱ ለኢንጂነሩ ለቀቀ፤ ሦስታችሁም ጨዋ ናችሁ። እኔ በዚያ መንገድ ላይ ቆሜ ነበር። አንድ ጊዜ መኪና ገጭቶኛል። ሁለተኛ ጊዜ ሲገጨኝ ማንም አላየኝም።”

እሱ ከደፋበት ቀና ብሎ አያት። 

“ይስተካከላል?” አለች ወደ ጊታሩ አይታ።

ስለ እንጨት ሲጠየቅ ምላሱ ይፈታል። “ጀርባው ይከፈታል። ወፍራሙ ጎን ይላጋል፤ ስድስት ይገባል። ቀጭኑን ግን መልሼ ማወፈር አልችልም። ሁለቱም ቀጭን ይሆናሉ። ክንድሽን አያሳምምሽም። ድምፁ ግን ይቀንሳል።”

“ምን ያህል?”

“አዳራሽ አይሞላም። አንድ ክፍል ይሞላል፣ በሩ ከተዘጋ።”

“ክፍሉ ስንት ሰው ይይዛል?”

መለኪያ እንደተጠየቀ አሰበ።

“ሁለት” አለ።

“ክፈተው።”

“ሌላ ልሥራልሽ። በአራት ወር…”

“አራት ወር የለኝም። እስከ ነገ አሥር ሰዓት ነው ያለኝ። ይሄ ነገር በእርግጥ መኖሩን ማየት እፈልጋለሁ። ክፈተው።”

“ሰኞ ነይ፤ ከፍቼ እጠብቅሻለሁ።”

“ሰኞ ሌላ ሰው ነኝ።”

“አንቺ ፊት አልከፍተውም” አለ። 

“ለምን?”

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እሷም አልተነሳችም። ከማዶ የጎማ ቤቱ ሰዎች ሲሳሳቁ ይሰማል። የዘጠኝ ተኩል ሳቅ ከሁሉም ከፍ ያለ ነበር።

በመጨረሻ ጊታር ሠሪው ሄዶ ትንሹን የኤሌክትሪክ ምድጃ ሰካ። ስስ ቢላዋ አስቀመጠበት። ጊታሩን ከጭኗ ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ ጀርባውን ወደ ላይ አደረገው።

“ሙጫው ከቆዳ የተሠራ ነው። ሙቀት ሲነካው ይለቃል” አለ። “አጥብቀሽ ያዢልኝ።”

በግራ እጇ ያዘችው። ቢላዋው ሲግል በጀርባውና በጎኑ መካከል ያለው መስመር ላይ አሳረፈው። እንጨቱ ትንሽ ተነፈሰ። ሙጫው እየለሰለሰ የእርጥብ ቆዳ ሽታ መጣ። አንድ ጣት ያህል ገባ። ቢላዋውን አሞቀ። እንደገና ገባ። ስንጥቅ የሚል ቀጭን ድምፅ ነበር፤ በያንዳንዱ ስንጥቅ ላይ ዓይኑን ይጨፍን ነበር። አራት ወር የሠራውን ሲፈታ አንድ ሰዓት አልፈጀበትም።

ጀርባው ሲላቀቅ አንስቶ አጠገቡ አስቀመጠው። ጊታሩን ወደ እሷ ገፋው፤ እሱ ግን ከኋላዋ ቆመ።

የጊታሩ ሆድ ነጭ ነበር። ቫርኒሽ አልነካውም፤ ፀሐይ አላየውም። ፊቱን ከውስጥ በሚደግፉት ቀጫጭን የእንጨት አጥንቶች መካከል፣ በእርሳስ፣ ጥቃቅን ሆኖ ተጽፏል። ጎንበስ ብላ አነበበች።

“ይህ ሳጥን ሲዘጋ ይህን ማንም አያነበውም። ስለዚህ እውነቱን እጽፋለሁ። ይህን የሠራሁት ለአንዲት ሴት ነው። ክንዷን ስለካ አሁን አያምሽም አልኳት፤ ሌሊቱን ሙሉ ያንን ቃል ስሰማ አደርኩ። ከአደጋው ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ሁለት ጊዜ ነው። ሦስተኛውን ይህ ጊታር ቢያመጣው ይበቃኛል። ባያመጣውም እወዳታለሁ። አፌ አይችልም። እንጨት ላይ ግን ዋሽቼ አላውቅም።”

ከታች ቀኑ አለ። አባቷ ከመምጣታቸው በፊት በነበረው ቀን፣ ሰኞ።

አንብባ ስትጨርስ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። ሁለተኛውንም ስትጨርስ ቀና አላለችም።

“እንጨት ላይ ዋሽቼ አላውቅም ትላለህ” አለች።

“አዎ።”

“ሐሙስ በዚሁ እንጨት ላይ ዋሸኸኝ።”

“አዎ።”

“ደግሞ ግራኝ አደረግከኝ።”

ከንፈሯ ጥግ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ትልቅ ነገር አልነበረም። ከኋላዋ ቆሞ የጉንጯን መስመር ብቻ ነበር የሚያየው፤ በቅቶታል።

“ሦስት” አለ ቀስ ብሎ።



“ነገ ለኢንጂነሩ አይሆንም እለዋለሁ” አለች። “ክፉ ሰው አይደለም። በሰው ፊት ሳይሆን ብቻውን እነግረዋለሁ።”

“አባትሽ ቃል ሰጥተዋል።”

“የሰጠው እሱ ነው። የተናገሩት ይጥፋ እለዋለሁ፤ የወለዷት ትትረፍ። ዳኛ ነው፤ ይመዝነዋል። ብዙ ጊዜ ላያናግረኝ ይችላል።” ይህን ስትል ድምፅዋ ጠፍጣፋ ነበር። እንደሚያስከፍላት ታውቃለች፤ መክፈሉ ግን ገና አልጀመረም።

በመስኮቱ መስታወት ላይ ክፍሉ ይታይ ነበር። የተንጠለጠሉት የጊታር አንገቶች፣ ምድጃው፣ የተከፈተው ጊታር፣ የራሷ ፊት። ከራሷ ፊት ጎን፣ ቀኝ ትከሻዋ ላይ፣ እጅ አየች። ጥፍሩ ሥር ሙጫ የደረቀበት እጅ።

“እጅህ ትከሻዬ ላይ ነው” አለች።

“አዎ።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ማንበብ ስትጀምሪ።”

“አልተሰማኝም። እዚያ ቦታ ላይ ምንም አይሰማኝም።”

እጁ ትንሽ ቀለለ። “ላንሳው?”

መምህርቷ መስታወቱን ተመለከተች። 

“ተወው” አለች። “እያየሁት ነው።”